የሰፈሩ ሦስት ጉዳዮች፦ በእንግሊዝ የሰፈር ፖሊስ ቅድሚያ የሚሰጠው ነገር እንዴት ይመረጣል?

በእንግሊዝና በዌልስ ወንጀል ጣሪያ የነካው በ1995 ነበር (በዚህ መጣጥፍ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ይህን የሚነግረን ፖሊስ በመዝገቡ የሚይዘው አኃዝ ሳይሆን ሰዎችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ «ባለፉት 12 ወራት ምን ደረሰባችሁ?» እያለ የሚጠይቀው፣ በዚያን ጊዜ የብሪታንያ የወንጀል ጥናት ይባል የነበረው ጥናት ነው። ከዚያ ዓመት ወዲህ የቤት ሰበራውም የመኪና ስርቆቱም ድብደባውም በጥቅሉ እየቀነሰ ሄደ። ያው ጥናት «ወንጀል ጨመረ ወይስ ቀነሰ?» ብሎ ሲጠይቅ ግን አብዛኛው መላሽ «ጨመረ» ይል ነበር። ሰዉ የሚሰማውና ቁጥሩ የሚለው እየተራራቁ ሄዱ።

ለዚህ ልዩነት ሁለት ማብራሪያ ይቀርብ ነበር። አንደኛው ሕዝቡን የሚያስፈራሩት ጋዜጦች ናቸው፣ መድኃኒቱም መረጃውን በደንብ ማሠራጨት ነው የሚል ነበር። ሁለተኛው ለፖሊስ የሚከብድ ነበር፤ ምናልባት ሕዝቡ የሚቆጥረውና ፖሊስ የሚቆጥረው አንድ ነገር አይደለም አለ። የሶሺዮሎጂ ምሁሩ ማርቲን ኢንስ ይህን ሁለተኛውን መንገድ ተከትሎ «ምልክት ሰጪ ወንጀሎች» የተባለውን አስተሳሰብ አዳበረ። ሰው ስለ ደኅንነቱ የሚፈርደው የወንጀል ሕጉ በደነገገው የቅጣት መጠን አይደለም። ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ስለተፈጸመ ግድያ ሲሰማ ያዝናል፤ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገድ የሚያስቀይረው ግን ደጃፉ ላይ የተሰበረው የመንገድ መብራት፣ ደረጃው ሥር ተሰብስበው የሚጠጡት ጎረምሶች፣ ግድግዳው ላይ የተሞነጫጨረው ጽሑፍ ነው። እነዚህ «እዚህ ቦታ ተቆጣጣሪ የለም» የሚል መልእክት ያስተላልፋሉ። የትኛው ነገር ምልክት እንደሚሰጥ ደግሞ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል፤ ስለዚህ ከዋናው መሥሪያ ቤት ቁጭ ብሎ ሊታወቅ አይችልም፣ ነዋሪውን መጠየቅ ግድ ነው።

ከዚህ ሐሳብ በመነሣት ከ2003 እስከ 2005 በስምንት የፖሊስ ኃይሎች ሥር ባሉ 16 ቦታዎች አንድ ሙከራ ተካሄደ። ስሙም መልኩም የሚታወቅ ፖሊስ በሰፈሩ ይመደባል፤ ቅድሚያ የሚሰጠውን ጉዳይ ነዋሪው ይመርጣል፤ መፍትሔውም ከነዋሪውና ከአካባቢው አስተዳደር ጋር በጋራ ይፈለጋል። ውጤቱን የገመገሙት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ተመራማሪዎች ስድስት የሙከራ ቦታዎችን ተመሳሳይ ይዘት ካላቸው ስድስት ማነጻጸሪያ ቦታዎች ጎን አቆሟቸው። «የሰፈራችን ፖሊስ ሥራውን በጥሩ ሁኔታ ይሠራል» የሚሉት ሰዎች ድርሻ በሙከራ ቦታዎቹ በ15 መቶኛ ነጥብ ሲጨምር በማነጻጸሪያዎቹ የጨመረው በ3 ብቻ ነበር። መንግሥትም አሠራሩን በመላ አገሪቱ ዘረጋው። ይሁን እንጂ በ2008 የወጣው ቀጣይ ግምገማ በአገር አቀፉ መስፋፋት የመጀመሪያ ዓመታት እንዲህ ጎልቶ የሚታይ ለውጥ አላገኘም። በ16 ቦታዎች የተሳካው ሥራ በሺዎች ቦታዎች ሲደገም ለምን ደበዘዘ? መጣጥፉ የሚያጠነጥነው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

እኔ የምከራከረው እንዲህ ብዬ ነው። የሰፈር ቅድሚያ ጉዳይ በነዋሪው ልብ ውስጥ ተዘጋጅቶ ፖሊስ መጥቶ እስኪያነሣው የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም። በጥያቄና መልስ፣ በክርክር፣ በመረጃ ይበጃል። ሲበጅ ማን እንደነበረ ማን እንደቀረ ይዘቱን ይወስነዋል። ክብደቱ የሚለካው ግን በተመረጠበት ቀን ሳይሆን ፖሊሱ መልሱን ይዞ በሚመለስበት ቀን ነው።

ዋርዱና ኮሚቴው

ለንደን በሚያዝያ 2004 የጀመረችው አሠራር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ዋርድ የምትባለው ትንሿ የምርጫ ክልል፣ ባብዛኛው ከ10 ሺህ በላይ ነዋሪ ያላት፣ የራሷን ቡድን አገኘች፤ አንድ ሳጅን፣ ሁለት ኮንስታብሎችና ሦስት የማኅበረሰብ ድጋፍ ሠራተኞች። እነዚህ ድጋፍ ሰጪዎች በ2002 በወጣው የፖሊስ ማሻሻያ ሕግ የተፈጠሩ፣ የደንብ ልብስ የሚለብሱ ግን የፖሊስን ሙሉ ሥልጣን ያልያዙ ሠራተኞች ናቸው። ዋና ሥራቸው በእግር መሄድና ሰው ማወቅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚናቁት እነሱ ናቸው። ይሁንና ባለሱቁ የሚያጫውተው፣ አሮጊቷ ስሙን የምታውቀው፣ የተማሪዎቹን ጠብ ከመባባሱ በፊት የሚሰማው ሠራተኛ ከሌለ ቀጥሎ የምገልጸው ሥርዓት ሁሉ መሠረት አይኖረውም።

ቡድኑ መረጃ የሚሰበስበው ከብዙ በር ነው። ቤት ለቤት ይጠይቃል፤ ገበያ ዳር ጠረጴዛ ዘርግቶ አላፊ አግዳሚውን ያነጋግራል፤ ከነዋሪዎች ጋር ሰፈሩን በእግር እየዞረ «ይኸው እዚህ ጋ» የሚሉትን ያያል። ከዚያ ወደ ፖሊስ የተደወሉ ጥሪዎችንና የአካባቢው አስተዳደር የተቀበላቸውን የጩኸት፣ የቆሻሻ፣ የመብራት አቤቱታዎች ያገናዝባል። ይህ ሁሉ የዋርድ ኮሚቴው ፊት ይቀርባል። ኮሚቴው ነዋሪዎችን፣ ነጋዴዎችን፣ የአካባቢ ድርጅቶችን ያቀፈ ነው፤ በዓመት አራት ጊዜ ያህል ይሰበሰባል፤ ሰብሳቢውም ፖሊስ ሳይሆን ነዋሪ እንዲሆን ይጠበቃል። በተለምዶ ሦስት ጉዳዮች ይመረጣሉ። የቁጥሩ ማነስ ራሱ ትምህርት አለው። ስድስት ሰዎች አሥር ጉዳይ ከያዙ አንዱንም አይጨርሱም፤ ኮሚቴውም ሦስት ብቻ እንዲመርጥ ሲገደድ «ሁሉም ያስቸግረናል» ከሚለው አቤቱታ ወጥቶ ወደ ማመዛዘን ይገባል።

ፖሊሶቹን መጀመሪያ ላይ ያስደነገጣቸው የሚመረጠው ነገር ዓይነት ነበር። ነፍስ ግድያና የተደራጀ ዝርፊያ ይዘው ይመጣሉ ብለው ሲጠብቁ ነዋሪው በመኖሪያ ጎዳናው ስለሚበር መኪና፣ በጋራ ደረጃው ስለሚሸጥ አደንዛዥ ዕፅ፣ እግረኛ መንገድ ላይ ስለሚነዳ ሞተር ብስክሌት፣ ሳይነሣ ስለሚቀር የውሻ ኩስ ይናገራል። «ለዚህ ነው እንዴ የሠለጠንነው?» የሚለው ቅሬታ በየጣቢያው ተሰምቷል። መልሱ በከፊል በሕግ የተቀመጠ ነው። በ1998 የወጣው የወንጀልና የጸጥታ መደፍረስ ሕግ ፖሊስና የአካባቢ አስተዳደር በወንጀል መከላከል አብረው እንዲሠሩ ግዴታ ጥሏል፤ አስተዳደሩም በሥራው ሁሉ፣ መብራት ሲተክልም ፓርክ ሲያስውብም፣ በወንጀል ላይ የሚያመጣውን ውጤት እንዲያስብ ያዝዛል። ስለዚህ ነዋሪው የተሰበረ መብራት ሲያነሣ ፖሊሱ አምፖል ይቀይር ማለት አይደለም፤ አምፖል የሚቀይረውን ክፍል ስብሰባው ድረስ አምጥቶ ቀን እንዲያስቆርጥ ነው። በ2011 የወጣው ሕግ ደግሞ አንድ እርምጃ ሄደ። የእያንዳንዱ ፖሊስ ኃይል አዛዥ በየሰፈሩ ስላለው ወንጀል የነዋሪውን አስተያየት የሚቀበልበት፣ ስለተሠራው ሥራ መረጃ የሚሰጥበት፣ መደበኛ ስብሰባም የሚያደርግበት ሥርዓት እንዲዘረጋ አስገደደ። ከሦስቱ ግዴታዎች መካከለኛው በተግባር ሲዘነጋ የሚታየው ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ስሜትን ወደ ችግር መለወጥ

«ወጣቶች ያስቸግሩናል» የሚል ዐረፍተ ነገር በቃለ ጉባኤ ላይ ሊሰፍር ይችላል፤ ፖሊስ ግን ይዞት የሚሄደው ሥራ አይሰጠውም። እንዲሁ ተይዞ ከተኬደ የሚከተለው የታወቀ ነው። ተጨማሪ ቅኝት ይደረጋል፣ ልጆቹ ለሁለት ሳምንት ይበተናሉ፣ ቅኝቱ ሲቆም ይመለሳሉ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ያው ጉዳይ እንደገና ይመረጣል።

ይህን ድካም ከሁሉ ቀድሞ በግልጽ የጻፈው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ኸርማን ጎልድስታይን ነው። በ1979 ባሳተመው ጽሑፍ መግቢያ ላይ ከእንግሊዝ ጋዜጣ ያገኘውን ወሬ ያነሣል። የአውቶቡስ ሾፌሮች በሰልፍ የቆሙ ተሳፋሪዎችን ፈገግ ብለው እጃቸውን እያወዛወዙ ያልፏቸዋል፤ ቅሬታ ሲቀርብ የተሰጠው ማብራሪያ ለተሳፋሪ ከቆሙ የሰዓት ሰሌዳቸውን ማክበር እንደማይችሉ ነው። ጎልድስታይን ፖሊስም እንዲህ ሆኗል ይላል፤ የመኪናውን፣ የፈረቃውን፣ ጥሪ የሚመለስበትን ደቂቃ ያሻሽላል፤ ይህ ሁሉ የተዘጋጀለት ጉዳይ መፈታት አለመፈታቱን ግን አይጠይቅም። እሱ ያቀረበው አማራጭ የፖሊስ ሥራ መለኪያ «ችግር» ይሁን የሚል ነበር፤ ማለትም በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ሁኔታ፣ ተመሳሳይ ሰዎችን እየነካ የሚደጋገም ክስተት። በ1987 ጆን ኤክና ዊልያም ስፔልማን በቨርጂኒያዋ ኒውፖርት ኒውስ ከተማ ሙከራ ይህን ወደ አራት እርምጃ አወረዱት፤ መለየት፣ መመርመር፣ እርምጃ መውሰድ፣ ውጤቱን መመዘን። የእንግሊዝ የሰፈር ቡድኖች ዛሬም የሚሠለጥኑት በእሱ ነው።

ያንኑ የወጣቶች አቤቱታ በዚህ መንገድ እንየው። ምሳሌው የእኔ ነው፤ ይዘቱ ግን ለማንኛውም የሰፈር ፖሊስ እንግዳ አይሆንም። ቡድኑ «መቼ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ይባላል። «የት?» ሲል ከአንድ ሱቅ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር። «ምን ያደርጋሉ?» ሲል መልሱ ይከፋፈላል። አንዷ ነዋሪ መሳደባቸውን፣ ሌላው ጠርሙስ መሰባበራቸውን፣ ሦስተኛው ምንም ባያደርጉም ብዛታቸው ብቻ እንደሚያስፈራው ይናገራል። እነዚህ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ቡድኑ ልጆቹን ራሳቸውን ሲያነጋግር ደግሞ ይሄዱበት የነበረው የወጣቶች ማእከል በዓርብ ማታ እንደማይከፈት፣ ያ ወንበር ብርሃን ስላለው እነሱም እዚያ ደኅንነት እንደሚሰማቸው ይረዳል። ሱቁ ዕድሜያቸው ላልደረሰ መጠጥ ይሸጥ እንደሆነም ይጣራል። አሁን በእጁ ያሉት መፍትሔዎች ሌላ ናቸው፤ የንግድ ፈቃድ ቁጥጥር፣ የማእከሉ ሰዓት፣ ጠርሙስ ከሚሰብሩት ሁለት ልጆች ወላጆች ጋር የሚደረግ ንግግር። ለሦስተኛው ነዋሪ፣ በብዛታቸው ብቻ ለሚፈራው ሰው፣ ምናልባት የሚያስፈልገው ከልጆቹ መካከል የአንዱን ስም ማወቅ ነው። ልጅ መንገድ ላይ መቆሙ ወንጀል አይደለምና ቡድኑ «ይህን አናደርግም» ማለትንም መቻል አለበት። ነዋሪው ያለውን ሁሉ የሚፈጽም ፖሊስ ነዋሪውን አከበረ አይባልም።

እዚህ ላይ የምርምር ማስረጃው ይረዳናል። በ2014 የታተመ የማኅበረሰብ ፖሊስ አሠራር ጥናቶች ስብስብ ግምገማ አሠራሩ የነዋሪውን እርካታና ፖሊስን የመቀበል ስሜት እንደሚያሻሽል፣ በወንጀል መጠንና በፍርሃት ላይ ግን የሚያመጣው ለውጥ ውስን እንደሆነ ደምድሟል። በ2020 የወጣው በችግር ላይ ያተኮረው አሠራር ግምገማ በአንጻሩ 34 ጥናቶችን መርምሮ ወንጀልንና ሁከትን በአማካይ በ33.8 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳነብባቸው የሚታየኝ ይህ ነው፦ ነዋሪን መስማት ብቻውን መቀራረብን ያመጣል፤ የተሰማው ነገር ሲመረመር ግን ለውጥ ያመጣል። ከ16ቱ የሙከራ ቦታዎች ወደ መላ አገሪቱ በተደረገው ጉዞ ቶሎ የተባዛው ስብሰባው ነበር፤ ምርመራው ጊዜና ሙያ ይጠይቃልና ወደ ኋላ ቀረ ብዬ አምናለሁ።

ስብሰባው ላይ ያልተገኘው ሰው

ስብሰባ ሰፈሩን አያህልም። ይህን ልዩነት ከሁሉ በላይ በዝርዝር የምናውቀው ከቺካጎ ነው። ከተማዋ በ1993 በአምስት የፖሊስ ወረዳዎች የሙከራ ሥራ ጀምራ በኋላ በ279 ቀጣናዎቿ ሁሉ ወርኃዊ ስብሰባ ታደርግ ነበር። የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲው ዌስሊ ስኮጋን ከባልደረቦቹ ጋር ስብሰባዎቹን ለዓመታት ተከታተለ። የሚመጡት ዕድሜያቸው የገፋ፣ የራሳቸው ቤት ያላቸው፣ በሰፈሩ ረጅም ጊዜ የኖሩ ሰዎች ይበዙባቸዋል፤ ተከራዩና ወጣቱ ያንሳሉ። በጎ ነገርም ነበር። በብዙ የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈሮች ተሳትፎው ከፍተኛ ነበር፤ ችግር የበዛባቸው ሰፈሮች ሰዎች አይመጡም የሚለውን ግምት አፈረሰ። የላቲኖ ስደተኞች ሰፈሮች ግን ከሁሉም ወደ ኋላ ቀሩ፤ በቋንቋው ምክንያት፣ ፖሊስ ዘንድ መቅረብ የመኖሪያ ወረቀት ጥያቄ እንዳያስከትል በመፍራት። ስኮጋን በ2006 መጽሐፉ የከተማዋን ለውጥ እንደ ሦስት የተለያዩ ከተሞች ታሪክ አድርጎ የተረከው ለዚህ ነው።

ይህን አማርኛ አንባቢ፣ በተለይ ከአገር ውጭ የሚኖረው፣ ማብራሪያ ሳያስፈልገው ይገነዘበዋል። በሁለት ፈረቃ የሚሠራ፣ ቋንቋው ገና ያልፈታለት፣ በመጣበት አገር ፖሊስ ሲጠራው መልካም ነገር አይቶ የማያውቅ ሰው ማክሰኞ ማታ በቤተ መጻሕፍት አዳራሽ በሚደረግ ስብሰባ ላይ እጁን አያወጣም። ዝምታው ችግር የለበትም ማለት አይደለም። ፖሊስ እሱን ለማግኘት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ወደ መስጊዱ፣ ወደ ቡና ቤቱ መሄድ አለበት፤ የምክክር ግዴታው የሚፈጸመው ማስታወቂያ በመለጠፍ ሳይሆን ሰውየውን በማግኘት ነው።

ከቀረው ሰው በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ አለ፤ የራሱ ሰፈር ያሳደደው ሰው። በ2007 በሌስተርሻየር የአንዲት እናትና የአእምሮ እድገት ውስንነት የነበረባት ልጇ ሕይወት አለፈ። ከዚያ በፊት ለዓመታት የሰፈሩ ልጆች ቤታቸው ላይ ድንጋይ ሲወረውሩ፣ ልጂቱን ሲያንጓጥጡ፣ እናትየዋ ከ30 ጊዜ በላይ ለፖሊስ ደውላ ነበር። እያንዳንዱ ጥሪ ለብቻው እንደ ትንሽ ረብሻ ተቆጠረ፤ ጥሪዎቹን በአንድ ክር የሰበሰባቸው አልነበረም። በ2009 የሞታቸውን ምክንያት የመረመረው ችሎት የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) የፖሊስና የአካባቢ አስተዳደሩ ጉድለት ለሞቱ አስተዋጽኦ ማድረጉን በየኑ። ከዋርድ ኮሚቴ አንጻር ስናየው ጉዳዩ የከፋ ነው። በአንድ ቤት ላይ የሚደርስ ግፍ የብዙኃን ጉዳይ ሆኖ ከሦስቱ ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ አጥቂዎቹ የጎረቤት ልጆች ሲሆኑ ደግሞ ኮሚቴው ውስጥ የተቀመጡት ወላጆቻቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ የነዋሪ ምርጫ ብቻውን ፍትሕን አያረጋግጥም። በ2014 የወጣው የአዋኪ ድርጊት ሕግ ከዚህ ሐዘን በኋላ ለተጎጂው የተለየ በር ከፈተ። አንድ ሰው በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ አቤት ብሎ መፍትሔ ካላገኘ ፖሊስ፣ አስተዳደሩና የጤና አገልግሎቱ በአንድ ጠረጴዛ ጉዳዩን እንደገና እንዲያዩ መጠየቅ ይችላል። የአካባቢው ባለሥልጣናት መስፈርቱን ከዚህ ማቅለል እንጂ ማክበድ አይፈቀድላቸውም። ለእኔ ከዋርድ ኮሚቴው እኩል የሚመዘን ተቋም ነው፤ የሚያሳዝነው ግን ሊጠቀሙበት ከሚገባቸው ሰዎች ብዙዎቹ መኖሩን አለማወቃቸው ነው።

የተመረጠው ጉዳይ ትክክል ሆኖ ሳለ መንገዱ ሊያጠፋ እንደሚችል ደግሞ ብሪክስተን ታስተምረናለች። በ1981 መጀመሪያ በዚያ የደቡብ ለንደን ሰፈር የመንገድ ላይ ቅሚያ ነዋሪውን ማስመረሩ እውነት ነበር። ፖሊስ በሚያዝያ ወር ሲቪል የለበሱ ፖሊሶችን አሰማርቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ 943 ሰዎችን አስቁሞ ፈተሸ፣ 118 አሰረ፤ ከፍተሻው ጋር ተያይዞ የተቆጣው ሕዝብ ለሦስት ቀናት አመፀ። አመፁን የመረመሩት ሎርድ ስካርማን ዘመቻው ከአካባቢው ተወካዮች ጋር ሳይመከርበት መካሄዱን ነቀፉ። የእሳቸው ምክር በ1984 ሕግ ሆኖ ፖሊስ የማኅበረሰቡን አስተያየት የሚያገኝበት ሥርዓት እንዲያበጅ ተደነገገ። ዛሬ የዋርድ ኮሚቴ የምንለው ነገር የዘር ግንዱ እዚህ ላይ ነው፤ ቅሚያ ይቁም የሚለው የነዋሪው ፍላጎት የሰፈሩን ጥቁር ወጣት ሁሉ ለማስቆም ፈቃድ አልነበረም። ስለዚህ ኮሚቴው «ምን?» ብቻ ሳይሆን «እንዴት?» የሚለውንም ሊጠየቅ ይገባል።

መልስ ይዞ መመለስ

ከ2010 በኋላ የመጣው የበጀት ቅነሳ ይህን አሠራር ከሥሩ ነቀነቀው። በእንግሊዝና በዌልስ በ2010 ከ143 ሺህ በላይ የነበረው የፖሊስ ቁጥር በ2018 ወደ 122 ሺህ ወረደ፤ 17 ሺህ ገደማ የነበሩት የማኅበረሰብ ድጋፍ ሠራተኞች ደግሞ ወደ 10 ሺህ። ቁጥሩ ከሚያሳየው በላይ የጎዳው በስም የሰፈር ፖሊስ የሆነው ሰው ለሰልፍ ጥበቃ፣ ለአስቸኳይ ጥሪ፣ ለኳስ ጨዋታ እየተባለ በየቀኑ መነሣቱ ነው። ለንደን ከአንድ ለሁለት ለሦስቱ ቡድን ተነሥታ በዋርድ ጥቂት ቋሚ ፖሊሶችን ወደ መመደብ ሄደች። ኮሚቴዎቹ ግን አልተበተኑም፤ መሰብሰባቸውንና ሦስት ጉዳይ መምረጣቸውን ቀጠሉ፤ የሚፈጽመው እጅ ነው ያነሰው። ባሮነስ ሉዊዝ ኬሲ በመጋቢት 2023 ስለ ለንደን ፖሊስ ባወጡት ግምገማ ተቋሙን በዘረኝነትና በሴት ጥላቻ ሲወቅሱ የሰፈር ፖሊስ አገልግሎቱ መዳከሙንም አብረው አንሥተዋል። በ2025 መንግሥት ባወጀው የሰፈር ፖሊስ ዋስትና 13 ሺህ ተጨማሪ የሰፈር ፖሊሶች፣ ልዩ ረዳቶችና ድጋፍ ሠራተኞች እንደሚመደቡ፣ እያንዳንዱ ሰፈር በስም የሚታወቅ ፖሊስ እንደሚኖረው፣ ለሰፈር ቡድን የቀረበ ጥያቄ በ72 ሰዓት ውስጥ መልስ እንደሚያገኝ ቃል ተገብቷል።

የ72 ሰዓቱ ቃል ትክክለኛውን ነጥብ ይነካል። ነዋሪ ችግሩ ሳይፈታለት ቢቀር ብዙ ጊዜ ይታገሣል፤ የማይታገሠው «የነገርኳችሁ የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ሲያጣ ነው። ጥሩ የሠሩ ቡድኖች በየሱቁና በየሐኪም ቤቱ «እናንተ ያላችሁት፣ እኛ ያደረግነው» የሚል ወረቀት ይለጥፉ ነበር። የእኔ ግምት ከዚያ ወረቀት ላይ ከሁሉ የሚበልጠው «አልቻልንም፣ ምክንያቱም…» የሚለው መስመር ነው። የሚሳካውን ብቻ የሚዘግብ ቡድን በሚቀጥለው ጊዜ ቀላሉን ጉዳይ ወደ መምረጥ ያዘነብላል፤ ዕፅ ሻጩን ትቶ የመኪና ማቆሚያውን ያነሣል።

ይህ ሐሳብ ከበለጸጉ አገሮች ውጭ ሲፈተን ምን እንደሚሆን በኅዳር 2021 በ«ሳይንስ» መጽሔት የወጣ ጥናት አሳይቷል። ግሬም ብሌር፣ ጄረሚ ዋይንስታይን፣ ፎቲኒ ክሪስቲያና ባልደረቦቻቸው በብራዚል፣ በኮሎምቢያ፣ በላይቤሪያ፣ በፓኪስታን፣ በፊሊፒንስና በኡጋንዳ በዕጣ በተመረጡ አካባቢዎች የማኅበረሰብ ፖሊስ አሠራርን ፈተኑ። በአጠቃላይ በፖሊስ ላይ ያለው እምነት አልጨመረም፤ ወንጀልም አልቀነሰም። ከሰጧቸው ምክንያቶች ሦስቱ ላነሣሁት ክርክር ቁልፍ ናቸው፤ አመራሩ ሥራውን አጽንቶ አልደገፈውም፤ ፖሊሶቹ ነዋሪው ሳያውቃቸው ይዛወሩ ነበር፤ ነዋሪው ላነሣው ጉዳይ መልስ መስጫ አቅም አልነበራቸውም። ስብሰባው ተደረገ፣ ተጠየቀ፣ ተጻፈ፤ መልሱ አልመጣም።

ኢትዮጵያም የማኅበረሰብ አቀፍ የፖሊስ አገልግሎትን ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። በቀበሌ የሚመደበው የማኅበረሰብ ፖሊስና ከነዋሪው የሚውጣጣው አማካሪ ምክር ቤት በመልኩ ከለንደኑ ዋርድ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ የቆመበት መሬት ነው። ቀበሌ የተመሠረተው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ዐዋጅ ቁጥር 47 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የአገልግሎትም የቁጥጥርም መዋቅር ሆኖ ኖሯል። ነዋሪው የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ «ምን ሊጠይቁን ነው?» ከማለቱ በፊት «ምን ሊያዙን ነው?» ቢል ታሪኩ ያስተማረው ነው። በዚህ መሬት ላይ ፖሊስ «ቅድሚያ ምን እንስጥ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ባለሥልጣኑ መስማት የሚፈልገው ሊሆን ይችላል፤ ወይም ጥያቄው ራሱ ስለ ጎረቤት ጥቆማ መሰብሰቢያ ይመስላል። ነዋሪው ስለሚያስፈራው ነገር መናገርና ስለ ጎረቤቱ መናገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መዋቅሩ አንድ ካደረጋቸው የመጀመሪያው ይጠፋል።

ይህን ለመለየት የሚያስችል ልማድ ሩቅ አይደለም፤ እድር ውስጥ አለ። በእድር ስብሰባ ጸሐፊው ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ያነብባል፤ ገንዘብ ያዡ የገባውንና የወጣውን ይናገራል፤ ያልተፈጸመ ውሳኔ ካለ ዳኛው ምክንያቱን በአባላቱ ፊት ያስረዳል፤ አዲስ ነገር የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። የማኅበረሰብ ፖሊስ አማካሪ ምክር ቤቶች ይህንኑ ቅደም ተከተል ቢይዙ የሚጠይቀው ወጪ የለም። ፖሊሱ ባለፈው የተመረጡትን ሦስት ጉዳዮች በስማቸው ጠርቶ የትኛው ተፈታ፣ የትኛው ለየትኛው ክፍል ተላለፈ፣ የትኛው ለምን ቀረ ብሎ ያነብባል፤ ነዋሪው ይጠይቀዋል፤ የተጠየቀው ይመዘገባል። ያ ከተጠናቀቀ በኋላ ሰብሳቢው «ዛሬስ ምን አላችሁ?» ይላል።